አውጪና ተቀባይ፦ ከአፍ የተለየ ድምፅ የማን ነው?

ከሰው አፍ የወጣ ድምፅ በሸክላ፣ በካሴት ክር ወይም በስልክ ሚሞሪ ላይ ተቀርጾ ከባለድምፁ ሲለይና በገበያ ሲሸጥ፣ ገዢው በእጁ የሚይዘው ነገር በትክክል ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የንግድ ሕግ ጉዳይ ይመስላል፤ ሥሩ ግን የሃይማኖትና የፍልስፍና ነው። ጥያቄው በተለይ የሚከብደው የተሸጠው ዜማ መዝሙር በሚሆንበት ጊዜ ነው፤ ዘማሪው መዝሙሩ የተሰጠው እንጂ እርሱ ከራሱ ያመነጨው እንዳልሆነ ይመሰክራልና። የተሰጠ ነገር ይሸጣልን? ከተሸጠስ ዋጋው የሚገባው ለሰጪው ነው፣ ለተቀባዩ ነው ወይስ በመካከል ቆሞ ድምፁን ለቀረጸው ነጋዴ? በኢትዮጵያ የትንንሽ ሙዚቃ አሳታሚዎች ታሪክ፣ ብዙውን ጊዜ የናፍቆትና የወርቃማ ዘመን ትረካ ሆኖ ቢነገርም፣ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ የተለያዩ መልሶች ታሪክ ሆኖም ሊነበብ ይችላል።

ፈረንጆች ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅትን የሚጠሩበት «ሌብል» የተባለው ቃል መነሻው በሸክላው እምብርት ላይ የሚለጠፈው ክብ ወረቀት ነው፤ በዚያ ወረቀት ላይ የዜማው ርእስ፣ የድምፃዊው ስም፣ የሸክላው ቁጥርና የአሳታሚው ምልክት ይታተማሉ። በአማርኛ ግን ሕዝቡ ተቋሙን በወረቀቱ አልሰየመውም፤ «ሙዚቃ ቤት» ነው ያለው። ቤት ደግሞ በር አለው፤ ቅር ያለው ሰው ሄዶ ያንኳኳዋል፤ ከውስጥም ባለቤት ይወጣል። «ባለቤት» የሚለው ቃል ራሱ እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባዋል፦ በገበያ ቋንቋ የንብረት ጌታ ማለት ነው፤ በሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ ግን የግሡን ድርጊት የሚፈጽመው ነው። የዘፈን ወይም የመዝሙር ባለቤት ማን ነው ሲባል ሁለቱ ትርጉሞች ሳይለዩ ስለሚጠየቁ፣ አንዱ ስለ ንብረት ሲያወራ ሌላው ስለ ድርጊት እየመለሰ ክርክሩ ሳይገናኝ ይቀራል።

ይህን ክርክር ለመመርመር ወላይታ የተመቸ ስፍራ ነው፤ ሦስት የክርስትና ወጎች በአንድ አካባቢ ጎን ለጎን ይኖራሉና። የኦርቶዶክስ ትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከወላይታ ጋር በሚያያዘው በዳሞት ምድር ሰበኩ ይላል። የካፑቺን መነኮሳት የተከሉት የካቶሊክ ተልእኮ በአረካ አጠገብ በምትገኘው በዱቦ ቤተ ክርስቲያንና የቅድስት ማርያም ሆስፒታል አለው። በሶዶ ደግሞ ኦቶና በሚባለው ስፍራ የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን የተባለው የፕሮቴስታንት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1928 ሥራ ጀምሮ በኋላ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ለተባለችው መሠረት ሆኗል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሦስቱም ወጎች ይዘምራሉ፤ መዝሙሩ ከማን እንደመጣና በማን አደራ እንደሚቀመጥ ሲጠየቁ ግን መልሳቸው አንድ አይደለም።

ለኦርቶዶክሱ ወግ አብነቱ ቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም የኖረው ይህ ሊቅ ዜማውን ከሰማይ በተላኩ ሦስት አዕዋፍ አማካኝነት እንደተቀበለ፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምርም የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም ሳያውቁት እንደቆዩ ገድሉ ይተርካል። ትረካው ስለ ባለቤትነት የሚናገረው ብዙ ነው፦ ሰማዕያኑና ዘማሪው ሕመሙን እንኳ ረስተው በዜማው የተያዙ ስለሆኑ፣ ዜማውን የያዘው ሰው የለም፤ ሰውን የያዘው ዜማው ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት የዜማ ምልክት፣ ማለትም ከፊደሉ በላይ የሚጻፉትን የዜማ ማስታወሻዎች፣ ሲያዘጋጁም ድምፁን ከመምህሩ አልለዩትም። ምልክቱ የሚያገለግለው ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ለሰማ ተማሪ ብቻ ነው፤ ላልሰማው ግን ዝም ይላል። የድምፅ መቅረጫ ከመምጣቱ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ አስቀድሞ ኢትዮጵያ ዜማን በወረቀት ማስቀመጥ ችላ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ያለ ሰው ዋስትና እንዳይናገር ተደርጎ የተሠራ ነበር።

የወላይታ ወንጌላውያን ታሪክ የሚያሳየው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1937፣ ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል እንደነበሩ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንዳገኙ የሚሲዮኑ መዛግብት ይናገራሉ። መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በወላይትኛ ከመታተሙ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት፣ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት በነበረበት አገር፣ ትምህርቱን ከመንደር ወደ መንደር ካሻገሩት ነገሮች አንዱ መዝሙር ነበር። የዚያ መዝሙር ቅርጽ ሕዝቡ ከእምነቱ በፊትም በጊፋታ፣ ማለትም በወላይታ የዘመን መለወጫ በዓል፣ በሠርግና በደቦ የሚያውቀው ነው፦ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አውጪው አጭር ሐረግ ያወርዳል፤ ተቀባዮቹ አንድ የማይለወጥ ሐረግ ይመልሳሉ፤ አውጪው ቃሉን እንደ ሁኔታው ሲለዋውጥ የተቀባዮቹ ሐረግ እንደ ምሰሶ ጸንቶ ዜማውን ይሸከማል።

የዚህ አዘማመር ብልሃት ቅጂውን በራሱ ውስጥ መያዙ ነው። ዛሬ ከተቀባዮቹ መካከል የቆመ ሰው፣ መዝሙሩን ደጋግሞ ከተቀበለ በኋላ፣ ነገ በሌላ መንደር አውጪ ሊሆን ይችላል፤ በአሳታሚና በአድማጭ፣ በሻጭና በገዢ መካከል ድንበር የለም። አማርኛ «ተቀባይ» በሚለው በአንዱ ቃል ሁለቱንም መጥራቱ፣ ማለትም መዝሙሩን በድምፁ የሚመልሰውንም ዕቃ ተረክቦ የሚወስደውንም፣ ያጋጣሚ ነገር ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ ትልቅ እገዛ ያደርጋል። ሸክላና ካሴት የለወጡት ይህንኑ ነው፤ የመጀመሪያውን ተቀባይ ወደ ሁለተኛው ቀየሩት። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ካሴት የሚሰማ ሰው መዝሙሩን ተቀብሏል፣ ነገር ግን አልተቀበለውም።

መሣሪያው ወደ ኢትዮጵያ ሕይወት የገባው ቀደም ብሎ ነው። በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ዳግማዊ ምኒልክ ስለ መኪና እንዲማሩ ወደ ጀርመን በላኳቸው ጊዜ፣ በ1908፣ ድምፃቸው በዚያው በሸክላ ተቀርጿል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን መንግሥት ሸክላን ለግለሰብ ፈቃድ የሚተው ነገር አላደረገውም፤ በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣን በ1935 ለተመሠረተው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህ ሞኖፖል፣ ማለትም አንድ ተቋም ብቻ እንዲሠራ የተሰጠ መብት፣ በፍልስፍና ቋንቋ ሲተረጎም ሕጋዊው ተቀባይ መንግሥት ብቻ ነው ማለት ነበር፤ ሕዝቡ ይሰማል፤ ምን ተቀርጾ እንደሚቆይ የሚወስነው ግን ሌላ ነው።

ይህን አጥር የዘለለው አምሃ እሸቴ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ነው። በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ በሸክላ አሳተመ፤ አገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ እየተላከ ይታተም ነበር። እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ወደ 103 የሚደርሱ ባለ ሁለት ዜማ ትንንሽ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል ረጃጅም ሸክላዎች አወጣ። አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ኬይፋ በ1973 ኬይፋ ሪከርድስን ከፍቶ ተከተለው፤ የውጭው ፊሊፕስም በዚሁ ገበያ ተሳተፈ። የዘመኑን ሙዚቃ ያጠናው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደሚያሰላው፣ ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት በአገሪቱ የወጡት ሸክላዎች በሙሉ 500 ያህል ትንንሾችና 30 ያህል ረጃጅሞች ናቸው። አንድ ትንሽ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው አራት ደቂቃ ያህል ብቻ መሆኑ ሲታሰብ፣ የዚያ ዘመን ድምፅ በሙሉ ጥቂት ቀናት ብቻ ተሰምቶ የሚያልቅ ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እየተባለ የሚሸጠው ከዚህች ትንሽ ጎተራ የወጣ እህል ነው።

አምሃ ሪከርድስ በተመሠረተበት በዚያው 1969 በካናዳ ቶሮንቶ ትሩ ኖርዝ ሪከርድስ የተባለ ትንሽ አሳታሚ ተቋቁሟል። ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል። የካናዳ መንግሥት በ1971 የአገሪቱ ራዲዮ ጣቢያዎች ከሚያሰሙት ሙዚቃ 30 በመቶው የካናዳውያን እንዲሆን በደንብ ሲወስን፣ ከጎረቤት አሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ጋር መወዳደር ላቃታቸው ትንንሽ አሳታሚዎች ሕጉ መጠጊያ ሆናቸው፤ በኢትዮጵያ ግን ትንሹ አሳታሚ የተወለደው ሕጉን ተላልፎ ነው። አንዱ በሕግ ጥላ ሥር፣ ሌላው ከሕግ ውጭ ቢያድጉም የሠሩት ሥራ ግን ተመሳሳይ ነበር፦ ትልቁ ተቋም ሊሰማው ላልፈለገ ድምፅ ስሙን አስይዞ መቆም። በዚህ ዐይን ሲታይ፣ «ትንሽ» የሚለው ቅጽል የካፒታል መጠን ብቻ አይደለም፤ አሳታሚው ባለድምፁን በመልክ ያውቀዋል፣ ባለድምፁም የአሳታሚውን በር ያውቃል ማለት ነው። ይህ ሲባል ግን ዘመኑን ማስዋብ አይገባም። አንድ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ ተከፍሎት ከድምፁ ጋር ለዘላለም የተለያየ ድምፃዊ ብዙ ነው፤ መተዋወቅ ፍትሕን አይተካም።

የደርግ መንግሥት ሰዓት እላፊ ሲያውጅ የአዲስ አበባ የሌሊት ሙዚቃ ተዳከመ፤ አምሃ በ1975 አገር ጥሎ ወጣ፤ ሸክላውም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ካሴት በሃይማኖት ረገድ ከሸክላ ይልቅ ታላቅ ለውጥ ያመጣው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የዕቃው አሠራርም ነው። ሸክላ አንዴ ከታተመ አይጠፋም፣ አይጻፍበትም። የካሴት ጀርባ ላይ ግን በግራና በቀኝ ሁለት ጥቃቅን የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ ጥርሱ በቦታው ካለ የቴፑ መቅጃ ቁልፍ ይጫናል፣ ከተሰበረ ግን አልጫንም ይላል። ሙዚቃ ቤት የሚሸጠው ካሴት ጥርሱ የተሰበረ ነው፤ የባለቤትነት ሕጉ በሙሉ ያረፈው በዚያች ቀዳዳ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ቀዳዳዋን በፕላስተር ወይም በታጠፈ ወረቀት መድፈን ሕጉን ይሽረዋል፤ ያኔ ካሴቱ እንደገና ይቀዳል። ዘፈን ኃጢአት መሆኑን ያመነ ሰው የዘፈን ካሴቱን ሳይጥል መዝሙር ይቀዳበታል፤ መዝሙሩ አልቆ ክሩ ገና ሲቀር ግን የቀድሞው ዘፈን ጭራ ከመጨረሻው ብቅ ይላል። የንስሐን ምንነት ለሚያጠና የሥነ መለኮት ተማሪ ይህች ጭራ ከብዙ መጻሕፍት የተሻለ ምሳሌ ትሆነዋለች።

የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ1963 አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በ1977 በደርግ ከተወረሰ በኋላ፣ በወላይታም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ብዙ አጥቢያዎች ሲዘጉ፣ መዝሙር የሚተላለፍበት ዋናው መንገድ ከእጅ ወደ እጅ የሚቀዳ ካሴት ሆነ። ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት የታሰረው የዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች እርሱ ወህኒ ሳለ አገሩን የዞሩት በዚህ መንገድ ነው። እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ይታያል፦ ያለ ፈቃድ መቅዳት፣ ዘፈን አሳታሚው ስርቆት የሚለው ተግባር፣ ለታሳሪው ዘማሪ የመኖር ዋስትና ነበር። ቀጂው ቤቱ ሲፈተሽ ካሴቱ ቢገኝበት ዋጋ እንደሚከፍል ያውቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጂ የሚቀዳው በራሱ ኃላፊነት ነው። የወላይታው ተቀባይ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ደርግ ወድቆ የእምነት ነጻነት ሲመጣ ጥያቄው ተገለበጠ። የመዝሙር ካሴት እንደ ዘፈን ካሴት በሱቅ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም ጭምር መሸጥ ሲጀምር፣ ጸጋ በገንዘብ ይለወጣልን የሚል ቅሬታ ተነሣ። ለዚህ ቅሬታ ክርስትና አሮጌ ስም አለው፤ ሲሞናዊነት ይባላል፤ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በብር ሊገዛ ከሞከረው ከሲሞን የመጣ ቃል ነው። የነቢዩ የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝም በነጻ ለተሰጠው የንዕማን ፈውስ ተከትሎ ሄዶ ብርና ልብስ በመቀበሉ ለምጻም ሆኗል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የካቶሊክ ሊቅ ቶማስ አኳይናስ ግን አንድ ልዩነት አስቀምጧል፦ መንፈሳዊውን ነገር ራሱን መሸጥ ኃጢአት ነው፣ መንፈሳዊ አገልግሎት የሚሰጠው ሰው ለመተዳደሪያው የሚቀበለው ግን የዕቃው ዋጋ ስላልሆነ ኃጢአት አይደለም። በዚህ መለኪያ፣ ዘማሪው የሚቀበለው ብር የመዝሙሩ ዋጋ ሳይሆን የዘማሪው ቀለብ ነው። ልዩነቱ ረቂቅ ቢሆንም በተግባር ግን ይፈርሳል፤ ካሴቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ አንድ ነው፣ ገዢውም የሚከፍለውን ለሁለት ከፍሎ አያስብም።

እነዚህ ሁሉ መልሶች የጎደላቸው ነገር አለ። ጥያቄውን ሁሉም ስለ ገንዘብ አድርገውት፣ ስለ መለየት ሳይጠይቁ አልፈዋል። የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሳኑ ስለ ጽሑፍ ያነሣው ቅሬታ እዚህ ላይ ይበልጥ ይስማማል፦ ከተናጋሪው የተለየ ቃል ሲሰድቡት ራሱን መከላከል አይችልም፣ ሲጠይቁት አይመልስም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አባቱ እንዲቆምለት ይፈልጋል። የተቀረጸ ድምፅ ከጽሑፍ ይልቅ ወላጅ አልባ ነው፤ ሕያው ስለሚመስል ተሟጋች እንደሚያስፈልገው አይታወቅም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው የአማርኛ ምሳሌ ከአፍ የወጣ ቃል እንደማይመለስ ያስጠነቅቃል፤ አፋፉ ላይ ቆሞ ስለ ቃሉ የሚመልስለት ሰው አለ ወይስ የለም የሚለውን ግን አይጠይቅም። ሸክላው እምብርት ላይ ያለችው ክብ ወረቀት በመልካም ጎኗ ስትታይ የምትመልሰው ለዚህ ነው፤ ዋስ ናት። ዋስ ማለት በአገሩ ልማድ ተከሳሹ ሲጠፋ በእርሱ ፋንታ የሚጠየቅ ሰው ነው። ዋስ የሆነለትን ሰው አይገዛውም፣ አይሸጠውም፤ ስሙን ግን ያስይዝለታል። አሳታሚ ጻድቅ የሚሆነው በነጻ ሲሰጥ ወይም ኃጢአተኛ የሚሆነው ሲሸጥ አይደለም፤ ዋስትናውን ሲክድ ነው።

በዚህ ዐይን ከታየ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነገር ምሳሌነቱ ከፍ ይላል። በ1923 የተወለዱት፣ ፒያኖ የሚጫወቱት እኚህ መነኩሲት፣ በ1960ዎቹ ጀርመን አገር ሸክላ አሳትመው ገቢውን ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ረድኤት አዋሉት። መነኩሴ የንብረት ባለቤት አይሆንም፤ የሙዚቃቸው ዋስ ግን ሆነው ቆይተዋል፣ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ስለሚመልሱ። በ2006 የፈረንሳዩ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ እትም 21ኛውን ቅጽ ለእርሳቸው ሰጠ፤ በ2023 በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላም ሙዚቃቸው በትንንሽ አሳታሚዎች መውጣቱን ቀጥሏል። የመነኩሲቷ የገቢ መንገድ ለሁሉም ዘማሪ ሕግ ይሁን ማለት ግን ጭካኔ ይሆናል፤ መነኩሲት የምትመግበው ልጅ የላትም።

ሕጉ ጥያቄውን በራሱ መንገድ ፈትቶታል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ለደራሲው፣ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩ ለየብቻ መብት ይሰጣል፤ «ተዛማጅ» የተባሉት የከዋኙና የፕሮዲውሰሩ መብቶች የሚቆዩት 50 ዓመት ነው። አዋጁ የሚያውቀው ባለቤት ግን ስም ያለው ሰው ወይም ድርጅት ነው። በወላይታ ጎረቤት በጋሞ የዶርዜ ሰዎች ብዙ ድምፆችን አጠላልፈው የሚያዜሙት ዜማ በ1970ዎቹ ፓሪስ ላይ በሸክላ ሲወጣ፣ አንዱ ድምፅ ያለ ሌላው ዜማ የማይሆንበት ሥራ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለመጻፍ ክቡ ወረቀት ጠባብ ነበር። የወላይታው ተቀባይም እንዲሁ ነው፤ ዜማውን የሚሸከመው የእርሱ ሐረግ ሆኖ ሳለ በመብት ቋንቋ ስም የለውም።

በዱቦ፣ እንደ ማንኛውም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ በ1963 የወጣው የሁለተኛው ቫቲካን ጉባኤ የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ የየሕዝቡ ቋንቋና ዜማ ወደ ቅዳሴ እንዲገባ መንገድ ከፍቷል፤ በዚያ ወግ የመዝሙር ዋሷ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ለአምልኮ የሚስማማውን መርምራ ትቀበላለች። በወንጌላውያን ዘንድ ደግሞ ዋሱ የዘማሪው ምስክርነትና ሕይወት ነው፤ ዘማሪው ሲወድቅ መዝሙሩ ይጠየቃል፣ ካሴቱም ከመደርደሪያ ይነሣል። ሁለቱም ሥርዓቶች ስሙ የሚታወቅ ዘማሪ ወይም የሚታወቅ ጉባኤ እንዳለ አድርገው ያስባሉ።

ዛሬ በሶዶም ሆነ በአረካ በስልክ ጥገና ሱቆች ጥግ አንድ ኮምፒውተር ተቀምጦ፣ ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ይዞ ለመጣ ደንበኛ መዝሙርና ዘፈን በጥቂት ብር ይጫናል። ጫኙ የሚከፈለው ለጉልበቱ እንጂ ለድምፁ አይደለም፤ አኳይናስ ያስቀመጠው ልዩነት ሳይታሰብ እዚህ ተፈጽሟል። ፋይሎቹ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጡ ስማቸው ይረግፋል፤ የዘማሪው፣ የአቀናባሪውና የሙዚቃ ቤቱ ስም ጠፍቶ በስልኩ መስኮት ላይ የሚነበበው «ትራክ 01» ብቻ ይሆናል። ፋይሉ ሲከፈት አውጪው በወላይትኛ ይጀምራል፤ ከኋላው ተቀባዮቹ አብረው ተቀድተዋል፤ በመልሳቸው መካከልም መዝሙሩን የሚያውቅ የስልኩ ባለቤት እጁ ሥራ ላይ እንዳለ በዝግታ አብሮ ይቀበላል።